ጨርቅ ቀዳጇ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው «ምን ትሠሪ ነበር?» ሲለኝ «ጨርቅ ስቀድ ነበር» እላለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ደግሞ እንደማዘን ብለው ያዩኛል። አእምሮዬን ታምሜ የዳንኩ ይመስላቸዋል መሰለኝ። እኔ ግን የምናገረው እውነቴን ነው። ከቢቸና የቀበሌ ሱቅ እስከ ሞጣ ኅብረት ሱቅ ድረስ የወጣትነት ዕድሜዬን የፈጀሁት ነጭ አቡጀዲና ባለአበባ ቺት እየለካሁ በመቅደድ ነው። እንደ እኔ ቀጥ አድርጎ የሚቀድ ሰውም በሁለቱም ከተሞች አልነበረም። ጉራ ይመስልብኝ ይሆናል። ይምሰል፤ የደከምኩበት ጉራ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሰሞን ያጋጠመኝ ነገር ነው። የአንሶላ ጨርቅ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ጎረምሳ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሸጉጦ እያወራ መቀሱን በጨርቁ ላይ ነዳው። ቤቴ ሄጄ ስዘረጋው አንዱ ዳር ከሌላው በአራት ጣት ይበልጣል። ይዤው ተመለስኩና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጠማማ ነው» አልኩት። «እማማ፣ ሲታጠብ ይስተካከላል» አለኝ። ሲታጠብ! በንዴት ከጎኑ ካለው መጻሕፍት መደብር ደብተር ገዝቼ ገባሁ፤ የምጽፈውም በዚያ ደብተር ላይ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቢቸና ከወላጆቼ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ቀበሌው ሱቅ ከፈተና ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ፈለገ። ደመወዙ ለጫማና ለሳሙና ይበቃ ስለነበር ስለሱ ብዙ አላወራም። በሱቁ ውስጥ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ጨርቅ ነበር። ስኳሩን ማንም ይመዝነዋል። ጨርቁን የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሼ ደምሌ።

ጋሼ ደምሌ በወጣትነታቸው ከአምበር እስከ አማኑኤል በየገበያው ጨርቅ በአጋሰስ ጭነው እየዞሩ የሸጡ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ነበሩ። ጠዋት ሱቅ ሲገቡ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ደጃፉ ላይ ፀሐይ እስኪያደርቀው ድረስ ዘርግተው ይቆማሉ። በፎጣ አይጠርጉትም፤ ፎጣ ብናኝ ይተዋል ይላሉ። ጥፍራቸውን በየሳምንቱ ያስተካክላሉ። መቀስ ተከፍቶ ከተቀመጠ ይቆጣሉ። ጨርቅ ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ገዢውን ሁልጊዜ «ለምን ነው? ለማንስ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ሰውየው ላይ ሳይሆን የጨርቁ ጣቃ ላይ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ የነጋዴ ጨዋታ አድርጌ ስለወሰድኩት ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሦስት ወር ሙሉ ማጠፍ ብቻ ነበር ሥራዬ። ከዚያ አንድ ቀን አቡጀዲ አምጥተው ፊቴ ዘረጉ።

«ነይ። ዳሩን በመቀስ ጫፍ ጥፍር ታህል ንከሽው።»

ነከስኩት።

«አሁን መቀሱን አስቀምጭ። በሁለት አውራ ጣት ያዥ፤ አንዱ እጅ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ከጀመርሽ አትቁሚ። ከቆምሽ ያኮርፋል።»

ቆምኩ። አኮረፈ። ጠርዙ እንደተጨማደደ ከንፈር ሆነ። ጋሼ ደምሌ አልተቆጡም፤ ያን ቁራጭ ሰጡኝና «የድስት ማውጫ አድርጊው» አሉኝ። እናቴ ቤት የድስት ማውጫ ተትረፍርፎ ነበር በዚያ ሰሞን።

ለምን እንደሚቀደድ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ጨርቅ ድርና ማግ ነው፤ ድሩ በቁመት ይሄዳል፣ ማጉ በወርድ ያልፋል። መቀስ የሻጩን ዓይን ይከተላል፤ የሻጩ ዓይን ከተሳሳተ፣ ወይም ሆን ብሎ ካጣመመ፣ ገዢዋ ሦስት ሜትር ገዝታ ስታስተካክለው ስንዝር ይጎድልባታል። ቅዳጅ ግን አንዱን የማግ ክር ይዞ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሄድ ወደ ማንም አያዳላም። ይህ ደግሞ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ድሪቶ የሚሰፉ ሴቶችን ነው። ከተሜ «ድሪቶ» ሲል ቡትቶ ማለቱ ነው፤ እኔ የምለው ግን ከላይ አበባ ያለው ቺት፣ ከታች አቡጀዲ፣ መሃሉ ባዘቶ ጥጥ ሆኖ በእጅ የሚሰፋውን ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። ጨርቁ ክሩን ካልተከተለ ድሪቶው በመጀመሪያው እጥበት ይጠማዘዛል፤ አንዱ ጥግ እግር ሲሸፍን ሌላው ትከሻ ይገልጣል።

ሁሉም ጨርቅ አይቀደድም። ከፋይና ሳቲን ከቀደድሽው ገደልሽው። ካኪ ይቀደዳል፤ ግን ጉልበትሽን ይጨርሳል። ሸማ ይላላል። አቡጀዲም ቢሆን ዳር ሲደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆም ብሎ በመቀስ መጨረስ ነው፤ አለዚያ ዳሩ ተተርትሮ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ጋሼ ደምሌ ዓይናቸውን ጨፍነው እኔ ስቀድ ድምፁን ብቻ ያዳምጡና «እጅሽ ወደ ግራ ዘመመ» ይሉኛል። ሳየው እውነትም ዘምሟል። በዓመቱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደቆሙ ምንም ሳይናገሩ ቀሩ። ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

አራት ዓመት እንደሠራሁ ወደ ሞጣ ኅብረት ሱቅ ተዛወርኩ። ኃላፊው ጓድ ታደሰ ይባላል። ወጣት፣ ሥርዓት ወዳድ፣ ሸሚዙን በካውያ ተኩሶ ለብሶ የሚመጣ ዓይነት ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ስቀድ አየኝና ደነገጠ።

«ጓድ ይታይሽ፣ ምን እያደረግሽ ነው? መቀስ አልተሰጠሽም?»

«ተሰጥቶኛል።»

«ታዲያ መቅደድ ኋላ ቀርነት ነው። ከነገ ጀምሮ ሁሉም በመቀስ ይሁን።»

እኔም አፌ አላረፈም። «ጓድ፣ አንድ ሜትር በመቀስ ይቁረጡ፣ አንድ ሜትር እኔ ልቅደድ። ሁለቱን አጥበን እናስጣ» አልኩት። የተናገርኩት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስለነበር እምቢ ለማለት አፈረ። በማግስቱ የደረቁትን አውርደን አጠፍናቸው። የእኔው ጠርዝ ከጠርዝ ገጠመ። የእሱ እንደተረገጠ ክርታስ ሆኖ ቀረ። ጓድ ታደሰ ሳቁን መያዝ አቃተውና ዕለቱኑ በማኅተም ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «ጨርቅ በጓድ ይታይሽ እጅ ብቻ ይቀደዳል።» ከዚያን ቀን ወዲህ በሞጣ ስሜ ጨርቅ ቀዳጇ ሆነ። ከሰልፉ ውስጥ «ቀዳጇ አለች? ካለች እንቆያለን» ሲሉ ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ያ የተነፋ ደረት ነው ጉድ ያደረገኝ።

የገበያ ቀን ነበር። ቀይ አበባ ያለው ቺት መጥቶ በየመንደሩ ተራ ይታደላል፤ ሱቁ በሰው ጢም ብሏል። ከሞጣ ወደ ጉንደ ወይን በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ መንደር የመጡ እትዬ አንጓች የሚባሉ ሴት ተራቸው ደረሰ። ሃያ ዓመት የሞላት ልጃቸው ስንዱ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ አጠገባቸው ቆማለች። የኮታ ካርዳቸውን አየሁ፤ ቺትና አቡጀዲ ይደርሳቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ በመቀስ ይሁንልኝ» አሉኝ እትዬ አንጓች።

«አይዞዎት እትዬ፣ እኔ ስቀደው ከመቀስ ይበልጣል።»

«ይበልጥ ይሆናል። ግን በመቀስ ቁረጭልኝ።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔን ጨርቅ ቀዳጇን፣ ማስታወቂያ የተለጠፈልኝን፣ በመቀስ ቁረጭ! ሙያዬን የናቁ መሰለኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዳሩን ነከስኩና፣ ለማሳየት ብዬ ደግሞ ከወትሮው ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ባንድ ትንፋሽ ቀደድኩት። ጩኸቱ ሱቁን ሞላው።

ስንዱ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። እትዬ አንጓች ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምነው አንች ልጅ! ምነው! ልጄን በቁሟ ገነዝሻት!»

ጨርቁን እዚያው ጥለው፣ ልጃቸውን እየጎተቱ ወጡ። እኔ የተቀደደውን ቺት በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከሰልፉ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አስረዳችኝ። በእነሱ መንደር የሚቀደደው የሬሳ ጨርቅ ነው፤ መግነዝ ሲሆን በእጅ ይቀደዳል፤ ብረት አይነካውም። የሙሽራ ጨርቅ ደግሞ በመቀስ ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ ምክንያቱንም በሙሽራዋ ፊት አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ስንዱ ለሰርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው ለድሪቶዋ ጨርቅ የመጡት።

በሳምንቱ ወሬው ደረሰኝ። ልጅቱ እህል አልቀምስ ብላለች። «ጩኸቱ ከጆሮዬ አልወጣም» ትላለች። እናቷም ሰርጉ ለከርሞ ይተላለፍ ሲሉ ተሰምተዋል። በሙሽራው ቤት ጠላው ተጠምቋል፤ የተላለፈ ሰርግ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደተላለፈ ይቀራል። የሰው ልጅ ትዳር በእጄ ልቀድ ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እንቅልፌን አጣሁ።

እሑድ ዕለት በጭነት መኪና ተሳፍሬ ቢቸና ወረድኩ። ጋሼ ደምሌ ሥራ ትተው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እጃቸውን እንደ ድሮው ዘርግተዋል። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር።

«ምን አለችሽ?» አሉኝ።

«በመቀስ ቁረጭልኝ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ቀደድሽ?»

«ቀጥ እንዲል ነዋ! እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?»

«እኔ ለማን ነው ብለሽ ጠይቂም ብዬሽ ነበር።»

«መች አሉኝ?»

«አራት ዓመት በየቀኑ በፊትሽ ስጠይቅ ኖርኩ። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?»

 እጃቸውን አይቼ ሁሉን የተማርኩ መስሎኝ ነበር፤ አፋቸውን አልሰማሁም። እሳቸው በየገበያው ሲዞሩ የየመንደሩን ልማድ ያውቁ ኖሯል፤ አንዳንዴ ቀላሉን ቺት በመቀስ ሲቆርጡ አይቼ «ደክሟቸው ነው» ብዬ ነበር። አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝና ከቤት መርፌና ቁራጭ አቡጀዲ አስመጡ። በመርፌው ጫፍ ከዳሩ አንድ የማግ ክር ለቀም አድርገው አወጡና በሁለት ጣት ቀስ ብለው ሳቡት። ጨርቁ በክሩ ላይ ተሰበሰበ፤ በሌላው እጃቸው እያለሰለሱ ወደ ፊት ገፉት፤ ክሩ ተመዝዞ ወጣ። የወጣበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ።

«በዚህ ላይ መቀስሽን ንጅ። እንደ ቅዳጅ ቀጥ ይላል፤ ድምፅ ግን የለውም።»

«ይኼን ለምን እስከ ዛሬ አላሳዩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ» አሉኝ፤ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ሞጣ ተመልሼ ጓድ ታደሰ ቢሮ ገባሁ። የተቀደደውን ቺት በእኔ ካርድ እንዲያስብልኝ፣ ከጣቃው የቀረውን ደግሞ ሳይቆረጥ ይዤ ወደ መንደሩ እንድሄድ ለመንኩት። ለፋሲካ ቀሚስ ያሰብኩት ድርሻዬ ነበር፤ ይቅርብኝ አልኩ። ጓድ ታደሰ ጣቃ ከሱቅ እንዲወጣ የሚፈቅድ መመሪያ የለም አለ። ከዚያ ግን ወረቀት አወጣ።

«የእኔም ማስታወቂያ አለበት» አለ። «ፈርሚና ውሰጅ። ግን አንዲት ስንዝር ሳትጎድል።»

ፈርሜ ሄድኩ።

እትዬ አንጓች ደጅ ላይ ሲያዩኝ ወደ ውስጥ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉ። እኔም ግቡ እስክባል አልጠበቅኩም። ከጎረቤት ሰሌን ለምኜ ግቢያቸው ውስጥ አነጠፍኩና ጣቃውን ዘረጋሁ። «እትዬ፣ ሳልጠይቅ ቀድጃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ የመጣሁት ለሙሽራ ልቆርጥ ነው» አልኩ ለበሩ። 

ለካሁ። በመርፌ ክር ለቀምኩና ሳብኩ። ስንዝር ሳይሄድ ተበጠሰ። የተበጠሰበትን ፈልጌ እንደገና ለቀምኩ። እንደገና ተበጠሰ። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጨርቁ ላይ እንዳይወርድ በክንዴ እጠርጋለሁ። ሦስተኛ ስጀምር ጥላ አረፈብኝ። ቀና ስል ስንዱ ናት። ከስታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ።

«መንገድ እያወጣሁ ነው። ነይ፣ ይኼን ክር ያዥልኝ። ሳቢው፤ ግን እንደማትስቢው ሆነሽ ሳቢው።»

ቁጢጥ አለችና ያዘች። እኔ ጨርቁን እየገፋሁ፣ እሷ እየሳበች፣ ክሩ በጣቷ ላይ እየተጠቀለለ መጣ፤ ሳይበጠስ ከሌላው ዳር ወጣ። መስመሩን አሳየኋት። መቀሱን አነሳሁና በዚያ መስመር ላይ ነዳሁት። አንዲት ድምፅ አልተሰማም። እትዬ አንጓች መቼ እንደወጡ አላውቅም፤ ስጨርስ ከጀርባዬ ቆመዋል። ጎንበስ ብለው ጠርዙን ከጠርዝ ገጥመው አዩት፤ በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

«አንች ስንዱ» አሉ፣ «ጆሮሽ ምን ሰማ?»

«ምንም» አለች።

«እንግዲያማ ባዘቶውን አምጭ። እኝህንም እንግዳ እህል አቅምሻቸው፤ አንችም አብረሽ ቅመሽ።»

«እኝህ» ስባል የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔ ያኔ ሃያ አምስት እንኳን አልሞላኝም። ሁለት ቀን አድሬ ድሪቶውን አብሬ ሰፋሁ። ሰርጉ በቀኑ ዋለ። ያን ፋሲካ አሮጌ ቀሚሴን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቅር አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ጨርቅ ነክቼ አላውቅም። መርፌ ከነጠላዬ ጥለት ላይ ሰክቼ እውላለሁ። መቀደድ ያለበትን እቀድዳለሁ፤ ለሙሽራ ከሆነ ክር እመዛለሁ። ጊዜ ይፈጃል፤ ሰልፉ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ጓድ ታደሰም ማስታወቂያውን ነቅሎ ሌላ ጻፈ፤ «ጨርቅ እንደ ገዢው ፍላጎት» የሚል። ከጉንደ ወይን ወዲያ ማዶ ሳይቀር ሴቶች የልጃቸውን ድሪቶ ጨርቅ እኔ ካልቆረጥኩት ብለው ይመጡ ነበር።

የደርግ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ ጨርቅም ሰውም በሳሳበት ሰሞን፣ እትዬ አንጓች ወደ ሱቁ መጡ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ስንዱ ልጅ አዝላ፣ ሌላ ልጅ በእጇ ይዛ አብራ መጥታለች። ሰላምታው አልቆ ሲያበቃ እትዬ አንጓች «አቡጀዲ ስጭኝ» አሉ።

«ለማን ነው?» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

«ለእኔ።»

እኔ መርፌዬን ከጥለቴ ነቅዬ የማግ ክር ልለቅም ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን በእጄ ላይ አሳረፉ።

«ይኼኛው በመርፌ አይደለም። ቅደጅው።»

 ስንዱ አንገቷን ደፋች፤ ከቤት ሲወጡ የተነጋገሩበት ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

«ምነው እማማ፣ ገና ነዎት እኮ» አልኩ።

«ገና ስሆን ነው እንጅ፣ ከሞትኩ በኋላማ ቀጥ ማለቱን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉና ሳቁ። «ቢቸናም ደብረ ወርቅም ሱቅ ሞልቷል፤ ያንች እጅ ይሁን ብየ ነው የመጣሁ። በይ አታስለፍፊኝ።»

ለካሁ። ብረት እንዳይነካው ዳሩን በጥርሴ ነከስኩ። በሁለት አውራ ጣቴ ያዝኩና ባንድ ትንፋሽ፣ ሳልቆም፣ ቀደድኩት።  እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ጠርዙን ከጠርዝ ገጥመው አዩት።

«ቀጥ ብሏል» አሉ። አጥፈው በብብታቸው ያዙትና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ወጡ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።